የሰፈር አገር በቀል ዛፍ ቡድን፦ ከዘር ለቀማ እስከ ሁለተኛው ክረምት

ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ መትከል በአገራችን ልማድ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ለተከላ ወጥቶ የማያውቅ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ዕድር ማግኘት ያስቸግራል። ሐምሌ ላይ የሚተክል ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው በጥቅምት ዘር የሚለቅም፣ በየካቲት ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያጠጣ፣ ለዚያ መሬት የሚስማማውን አገር በቀል ተክል ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን ሥራ በሰፈራቸው ሊጀምሩ ለሚፈልጉ፣ ከአሥር እስከ ሠላሳ ለሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ነው። የተክሎቹ ምሳሌዎች በአብዛኛው ከደጋና ከወይና ደጋ የተወሰዱ ናቸው።

1. ቡድኑን ስታቋቁሙ ከውሃው ጀምሩ

አዲስ ቡድን ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ችግኝ እንትከል?» የሚል ነው። መልሱን የሚሰጠው ዘሩ ወይም ገንዘቡ ሳይሆን በበጋ ማጓጓዝ የምትችሉት ውሃ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ አዲስ ችግኝ በደረቁ ወራት በሳምንት 5 ሊትር ያህል ውሃ ቢያገኝ ደኅና ነው። 300 ችግኝ ካላችሁ በሳምንት 1500 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 75 ጀሪካን ያስፈልጋል። ቡድኑ 15 ሰው ከሆነ ለእያንዳንዱ አምስት ጀሪካን ይደርሰዋል፤ ይህም ከኅዳር እስከ በልግ ዝናብ፣ በልግ በማይዘንብበት አካባቢ ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ በየሳምንቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን የማትችሉት ከሆነ ቁጥሩን ወደ 100 አውርዱት። መቶ ዛፍ አጽድቆ ማሳየት ለሰፈሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀላቀሏችሁ ሰዎችም የሚመጡት የቆሙትን ዛፎች አይተው ነው።

አዲስ ማኅበር ለመመሥረት ከመድከም በፊት ያለውን ተመልከቱ። ዕድር ካለ አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ የስብሰባ ቀኑም የታወቀ ነው። በዕድሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ሩብ ሰዓት ጠይቃችሁ ዓላማውን አስረዱ። የደቦ ልማድ ባለበት አካባቢ ጉድጓድ ቁፋሮውንና የላስቲክ ሙሌቱን (ችግኝ የሚፈላባቸውን ትንንሽ የላስቲክ ከረጢቶች በአፈር መሙላቱን) በደቦ ማድረግ ይቻላል። የማጠጣቱ ሥራ ግን በደቦ አይሆንም፤ የተራ መዝገብ ይፈልጋል።

ኃላፊነቱን ለአራት ሰዎች አከፋፍሉ፦ አስተባባሪ፣ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፣ የማጠጫ ተራ ተቆጣጣሪና መዝገብ ያዥ። የችግኝ ጣቢያ ኃላፊው ቤቱ ለጣቢያው ቅርብ የሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል። በየቀኑ ጠዋት ብቅ ብሎ የሚያይ አንድ ሰው በሳምንት አንዴ ከሚመጡ አሥር ሰዎች ይሻላል።

2. ቦታውንና ባለቤቱን ለዩ

የትምህርት ቤት ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር፣ የወንዝ ዳር፣ የተራቆተ ኮረብታ፣ የመንገድ ዳር፤ እያንዳንዱ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ አለው። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይግለጽ፦ የቦታውን ስፋትና ወሰን፣ ቡድኑ ለስንት ዓመት እንደሚንከባከብ፣ ከብት እንዳይገባ ማን እንደሚጠብቅ። የወረዳውን የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ቦታው ለመንገድ ወይም ለግንባታ የታቀደ ከሆነ አሁን ማወቁ ይሻላል።

ከዚያ መሬቱን እዩት። ከፍታውን በስልክ ላይ ባለ ካርታ ማወቅ ይቻላል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄዳችሁ ውሃ የሚያቁርበትንና ጎርፍ የሚያጥበውን ስፍራ ምልክት አድርጉ። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ክንድ የሚያህል ቆፍራችሁ አፈሩ ጥቁር መረሬ፣ ቀይ ወይስ ጭንጫ መሆኑን መዝግቡ። ከሁሉም በላይ በአቅራቢያው ያለውን ነባር ተክል ቁጠሩ። አሮጌ አጥር ሥር፣ ገደል አፋፍ፣ የመቃብር ስፍራ ላይ የተረፈው ተክል ያ መሬት ምን ያበቅል እንደነበር ይመሰክራል። በሰፈሩ ያደጉ አዛውንቶችን ይዛችሁ ብትዞሩ ሥራው ይፈጥናል፤ «እማማ፣ ይህ ዳገት ድሮ ምን ነበረበት?» ብላችሁ ብትጠይቁ የዛፉን ስም፣ ማን እንደቆረጠውና ምንጩ መቼ እንደደረቀ ጭምር ይነግሯችኋል።

ለይታችሁ ያላወቃችሁትን ተክል ቅጠል ብቻ አትቁረጡ። አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን አንድ ቀንበጥ ቆርጣችሁ በጋዜጣ መካከል ዘርጉት፣ ከላይ ክብደት ጫኑበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ። ሲደርቅ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀንና ከፍታ ጻፉበት። አዲስ አበባ ያሉ ቡድኖች ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ይዘውት ቢሄዱ ከባለሙያ ጋር ሊመካከሩ ይችላሉ። በክልል ያሉ ደግሞ በቅርብ ያለውን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ክፍል ይጠይቁ። በኢትዮጵያና በኤርትራ 6000 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው የለም፣ መጠየቅም አያሳፍርም።

3. ምን እንትከል? ቁጥቋጦን አትናቁ

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። አብዛኛው ሰው አገር በቀል ሲባል ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ብቻ ይታየዋል። እነዚህ የበሰለ ደን ዛፎች ናቸው። ፀሐይና ነፋስ በሚገርፈው ራቁት ዳገት ላይ ብቻቸውን ሲተከሉ ብዙዎቹ ይደርቃሉ፣ ከዚያም «አገር በቀል አይጸድቅም» ተብሎ ወደ ባሕር ዛፍ ይዞራል። ጥፋቱ ግን የዛፉ አይደለም። ደን ሲያገግም መጀመሪያ የሚመጡት ክትክታ፣ አጋም፣ ቀጋ፣ ደደሆ፣ አንፋር፣ ግራዋና የመሳሰሉት ናቸው። አፈሩን ይይዛሉ፣ ጥላ ይሰጣሉ፣ እሾሃማዎቹ ከፍየል ይከላከላሉ፣ ፍሬያቸው ወፍ ይጠራል፣ ወፏም ሌላ ዘር ይዛ ትመጣለች። የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ሲተከል ከገላጣ ቦታ ይልቅ የተሻለ ይጸድቃል።

ስለዚህ በተራቆተ መሬት ላይ የመጀመሪያውን ዓመት ለቁጥቋጦና ለፈጥኖ አዳጊዎች ስጡ። ክትክታ ድርቅ ይችላል፤ ድንጋያማ መሬት ላይም ይበቅላል። ብሳና በፍጥነት ያድጋል፣ ቅጠሉን እያረገፈ አፈሩን ያዳብራል። ግራርና ብርብራ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለአፈሩ ይሰጣሉ፤ ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ የራሳችን ዛፍ መሆኑንም አባላቱ ይወቁት። ነባር ቁጥቋጦ ካለ ደግሞ «ይጽዳ» ብላችሁ አትመንጥሩት፤ ጽዱንና ወይራውን በጥላው አጠገብ፣ የቀትር ፀሐይ በማያገኘው በኩል ትከሉ።

ከፍታን በተመለከተ ጥቂት ማሳሰቢያ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ከ2300 ሜትር በታች ላይ አትድከሙበት። ዋንዛ በተቃራኒው ውርጭ ይጎዳዋል፤ ወይና ደጋ ይስማማዋል። ጽድና ወይራ ሰፊ ክልል አላቸው፣ ደረቅ ዳገትም ይችላሉ። ዝግባና ጥቁር እንጨት እርጥበትና ጥልቅ አፈር ይወዳሉ። ዶቅማና ሾላ ለወንዝ ዳር ይሆናሉ። ዋርካ ሥሩ ሰፊ ስለሆነ ከቤትና ከውሃ ቧንቧ አርቁት፤ ሰፊ አደባባይ ካላችሁ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጥላ ነው።

ከአምስት እስከ ስምንት ዓይነት ይበቃል። አንዱ ዓይነት በተባይ ወይም በድርቅ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍ አንድ ዝርያ ከጠቅላላው ከሲሶ አይብለጥ።

4. ዘር ለቀማ

ዘር የሚለቀምበት ዛፍ በሙያው እናት ዛፍ ይባላል። ጤናማ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ብዙ ያፈራና ከሌሎች የራሱ ዓይነት ዛፎች ጋር የሚኖር መሆን አለበት። ብቻውን ሜዳ ላይ የቆመ ዛፍ የሚሰጠው ዘር ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ የሚያዳቅለው ጎረቤት የለውማ። ቢቻል ከአሥር ዛፎች በላይ ልቀሙ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ፤ ከአንድ ዛፍ ላይም ከፍሬው ሩብ በላይ አትውሰዱ። የቀረው የወፉ፣ የጦጣውና የመሬቱ ድርሻ ነው።

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ እናት ዛፍ ለማግኘት ከሁሉ የሚቀርበው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንደ አለማየሁ ዋሴ ያሉ የደን ተመራማሪዎች የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑና እንዲታጠሩ ሲደክሙ የኖሩትም ለዚህ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሲሆን የጥንቱ ደን ዘር የቀረው በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ነው። ስትሄዱ አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ አናግሩ። «አባታችን፣ ከወደቀው ፍሬ ብንለቅም ይፈቅዱልናል? ችግኙ ሲደርስ ለቅጥሩም እናመጣለን» ማለት በቂ ነው፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ለመስጊድ ቅጥርና ለአድባር ዛፎችም አክብሮቱ ያው ነው። ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ ዛፍ ላይ ልጅ አታውጡ። ከሥሩ ሸራ አንጥፋችሁ በረጅም ዘንግ ቀስ ብሎ ማራገፍ ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንድና ሴት ዛፋቸው የተለያየ ነው። ከወንዱ ሥር ቀኑን ሙሉ ብትለቅሙ ዘር አታገኙም። ሴት ጽድ ላይ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ትንሽ ክብ ፍሬ ታያላችሁ። በጣት ስታሹት ዱቄቱ ይለቅቃል፣ የጽዱም ሽታ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሴቷ ኮሶ ደግሞ ትልልቅ የአበባ ዘለላዋ ወደ ቀይ ያደላል፤ የወንዱ ፈዛዛ ነው።

የግራር ዘር ሲለቀም ነቀዝ ሳይቀድማችሁ ድረሱ፤ ቀዳዳ ያለው ፍሬ አይበቅልም። የጥቁር እንጨት ፍሬ ሲበስል ሐምራዊ ይሆናል፤ ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ በለቀማችሁት ሳምንት መዝራት አለባችሁ። የብሳናም ዘር ብዙ አይቆይም። የለቀማችሁትን በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ያዙ፤ የተክሉን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ከስንት ዛፍ እንደተለቀመ የሚገልጽ ወረቀት ወዲያው ውስጡ ክተቱ። ማታ ቤት ደርሼ እጽፋለሁ ያለ ሰው የጽዱን ከረጢት ከሌላው ጋር ማምታታቱ አይቀርም።

5. ዘሩን ለመብቀል ማዘጋጀት

እያንዳንዱ ዘር የራሱ ጠባይ አለው። ሥጋ ያለውን ፍሬ ሁሉ (ወይራ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዝግባ፣ ጽድ) ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በእጅ ወይም በወንፊት ላይ አሽታችሁ ሥጋውን አስወግዱ። ሥጋው ከቀረ ይሻግታል። ከዚያ በጥላ ቦታ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ወይራ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘሩ በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ተዘግቷል፤ እንዲሁ ብትዘሩት ለወራት ዝም ይላል። ፒንሳ ውሰዱ፤ የፍሬውን ድንጋይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ፤ ሾጣጣውን ጫፍ ብቻ በፒንሳው ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑ። ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ ስትሰሙ ወዲያው አቁሙ። ውስጡ ያለው ዘር ከተጨፈለቀ ሞቷል፤ ጫፉ ብቻ ከተከፈተ ውሃ ገብቶ ይነቃል። ጥቂት ፍሬ ካበላሸ በኋላ የማንም ሰው እጅ ይለምዳል። ለእናቶችና ለአዛውንት አባላት እያወሩ የሚሠሩት ጥሩ የከሰዓት ሥራ ነው። የተከፈተውን ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ በማግሥቱ ዝሩ። ዝግባም ቅርፊቱ ቢሰነጠቅ ይፈጥናል።

ለግራር ውሃ አፍሉ፤ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ዘሩን ጨምራችሁ ውሃው እስኪቀዘቅዝ፣ ከዚያም እስከ ማግሥቱ ተዉት። ያበጠው ለመዝራት ዝግጁ ነው። ያላበጠውን ለይታችሁ ድገሙት። እሳት ላይ እያለ ዘሩን አትጨምሩ፤ ይቀቀላል።

ብርብራ ምንም አይፈልግም፤ በቀጥታ በላስቲክ ይዘራል፣ በፍጥነትም ይበቅላል። ዘሩ መርዛማ ስለሆነ ግን ሕፃናት እንዳይነኩት ተጠንቀቁ፤ ገበሬው ድሮ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀምበት እርሱን ነው። የኮሶ ዘር ደቃቅ ነው፤ ከአበባው ገለባ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። በዘር መደብ ላይ ከጥሩ አሸዋ ጋር አዋሕዳችሁ በትናችሁ በስሱ ብቻ አፈር አልብሱት። ጽድ ውስጡ ባዶ የሆነ ዘር ብዙ አለው፤ ስለዚህ ከምትፈልጉት ብዙ እጥፍ ዝሩ። ከባድ ዘሮችን ለመፈተን ውሃ ውስጥ ጨምሯቸው፤ ተንሳፋፊው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።

ኮርችና ዋርካ ዘር አይፈልጉም። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ቁስሉ ለጥቂት ቀን በጥላ ከደረቀ በኋላ ዝናብ ሲጀምር ብትተክሉት ይነሣል። ኮርች ለአጥር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

6. ችግኝ ማፍላት

ጊዜውን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ተከላው ሐምሌ ከሆነ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉት ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በጥቅምትና በኅዳር መዘራት አለባቸው፤ ዝግባ እስከሚቀጥለው ክረምት ቢቆይም አትገረሙ። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ግራርና ክትክታ ግን ጥር ወይም የካቲት ላይ ቢዘሩ ይደርሳሉ። ቀድመው ከተዘሩ በላስቲክ ውስጥ አርጅተው ሥራቸው ይጠቀለላል።

ለም አፈር ሦስት እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ሁለት እጅ፣ አሸዋ አንድ እጅ ቀላቅሉ። ዲያሜትሩ 8፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይይዛል። 500 ላስቲክ ለመሙላት ባለ 20 ሊትር ባልዲ 10 አፈር፣ 7 ኮምፖስት፣ 3 አሸዋ አዘጋጁ። ያልበሰበሰ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ከተፈቀደላችሁ ከእናቱ ዛፍ ሥር አንድ ባልዲ አፈር ብቻ ወስዳችሁ ቀላቅሉበት፤ ለሥሩ የሚረዱ ረቂቅ ፈንገሶች አብረው ይመጣሉ። ላስቲኩን ስትሞሉ ታቹን ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ወገቡ ላይ ከታጠፈ ውሃው ወደ ታች አይወርድም።

በመደብ የበቀሉትን ሁለት ወይም አራት እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚወጣውን) ሲያወጡ ወደ ላስቲክ አዛውሩ። ሥራው ጠዋት በጊዜ ወይም ወደ ማታ፣ በጥላ ይሁን። ችግኙን በቅጠሉ ያዙት እንጂ በግንዱ አትያዙት፤ በዚያ ዕድሜው ግንዱ በትንሽ ጭብጥ ይሰበራል፣ ቅጠል ግን ይተካል። በእንጨት ጫፍ ቀዳዳ አበጁ፣ ሥሩን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ሥሩ ወደ ላይ ከታጠፈ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ ይቀጭጫል፤ ረጅም ከሆነ ጫፉን በምላጭ ቁረጡት።

በሣር ወይም በሰሌን የተሸፈነ ዳስ ሥር አቆዩት፤ ጠዋትና ማታ አጠጡ። ብዙ ችግኝ ጣቢያ የሚጎዳው ውሃ በማነስ ሳይሆን በመብዛት ነው። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮና ቀጥኖ ከወደቀ ውሃ ቀንሱ፣ ዳሱን አሳሱ፣ የታመመውን አርቁ።

ሥሩ ከላስቲኩ ታች ብቅ ሲል ላስቲኩን እያነሣችሁ የወጣውን ሥር በመቀስ ግረዙ፤ ከዚያ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ ድገሙት። ይህ ከተረሳ ሥሩ መሬት ይገባል፣ በተከላ ቀን ሲነቀል ይበጠሳል፣ ችግኙም በሳምንቱ ይጠወልጋል። ሰኔ ሲገባ ዳሱን ቀስ በቀስ አንሡ፤ ውሃውንም ከየቀኑ ወደ ሁለትና ሦስት ቀን አራዝሙ። በቅምጥል ያደገ ችግኝ ሜዳ ላይ አይቋቋምም።

ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ ወፍ ዘራሽ ችግኝ ፈልጉ። በአሮጌ ዛፍና በአጥር ሥር የበቀሉትን፣ ከጣት የማይረዝሙትን፣ ዝናብ ባራሰው መሬት ከነአፈራቸው አውጥታችሁ በላስቲክ አሳድጉ።

7. መጤ አረምን ማጽዳት

የምትተክሉበት ቦታ የወፍ ቆሎ ወይም ፓርቴኒየም ከወረረው ከተከላው በፊት ዘመቻ ያስፈልጋል። ፓርቴኒየም፣ በብዙ ቦታ ቅንጨ አረም የሚባለው፣ ቆዳን ያሳክካል፤ አስምና አለርጂ ያለበት አባል ከዚህ ሥራ ይቅር። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ አፈሩ ርጥብ ሳለና አበባው ሳይወጣ ከነሥሩ ንቀሉ። ካበበ በኋላ መንቀል ዘሩን መበተን ነው። የወፍ ቆሎን ቆርጦ መተው ጥቅም የለውም፤ ጉቶውን ቆፍራችሁ አውጡ። በአንድ ቀን የምታጸዱት በዚያው ክረምት ልትሸፍኑት የምትችሉትን ያህል ብቻ ይሁን፤ ባዶ የተተወ መሬት ለዚያው አረም ይመለሳል።

8. ተከላ

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን ክምሩ። ተዳፋት ላይ ከጉድጓዱ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የአፈር ክትር ሥሩ፤ ዝናቡን ይይዝላችኋል። ለቁጥቋጦ አንድ ሜትር ተኩል፣ ለትልልቅ ዛፍ ሦስት ሜትር ርቀት ይበቃል። ረድፍ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደን በረድፍ አይበቅልም።

የምትተክሉት ዝናቡ ተደላድሎ አፈሩ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ሲርስ ነው። በተከላው ቀን ብዙ እንግዳ ስለሚመጣ አባላቱ እያንዳንዳቸው ለአምስት እንግዳ ኃላፊ ይሁኑ። የሚያሳዩት ነገር ይህ ነው፦ ችግኙን በዋዜማው አጠጡ፤ ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቅደዱና ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት መዳፍ ያዙ፤ የላዩን ጥቁር አፈር ቀድማችሁ መልሱ፤ የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ ዙሪያውን በእግር ጠቅ አድርጉ። ላስቲኩን ሳያወጡ መትከል በየተከላ ቀኑ ይታያል። ስለዚህ አንድ ሰው የወጡትን ላስቲኮች ብቻ እየሰበሰበ ይቁጠር፤ የላስቲኩ ቁጥር ከተተከለው ችግኝ ካነሰ ተመልሳችሁ ፈልጉ።

በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ፣ ምስጥና ሻጋታ ይስባል። ከብት በሚያልፍበት ቦታ የተቆረጠ የግራር እሾህ ክበቡበት።

9. ከመስከረም እስከ ሁለተኛው ክረምት

የመጀመሪያው ቆጠራ በመስከረም መጨረሻ ይደረጋል። መዝገብ ያዡ እያንዳንዱን ችግኝ በቁጥር፣ በዝርያና በሁኔታ ይጻፍ፦ የጸደቀ፣ የታመመ፣ የደረቀ፣ የተበላ። «የተበላ» እና «የደረቀ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ አጥር፣ ሌላው ውሃ ወይም የዝርያ ለውጥ ይፈልጋል። በዚያው ቀን በችግኙ ዙሪያ በአንድ ሜትር ክበብ ያለውን ሣር አጭዳችሁ መልሳችሁ ጎዝጉዙት።

ማጠጫው በኅዳር ይጀመራል። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንዴ አምስት ሊትሩን ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። አፉ ተከድኖ ታቹ በመርፌ የተበሳ የውሃ ጠርሙስ ከችግኙ ሥር መቅበርም ውሃ ይቆጥባል። ተራውን በቤት ሳይሆን በችግኝ ቁጥር ክፈሉት፦ ከ1 እስከ 20 የእትዬ እገሌ፣ ከ21 እስከ 40 የጋሼ እገሌ ይባል። ሰው የራሱ የሆኑትን ሃያ ችግኞች ሲያውቅ ሳይጠራ ይሄዳል። ተማሪዎች ካሉ ለአንድ ለአንድ ክፍል አንድ ዝርያ ስጡ፤ በየወሩ ቁመቱን ይለኩ፣ ስሙንም ይማሩ። በደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ከሚወርድበት ሌሊት በፊት ለትንንሾቹ በሣር ወይም በሰሌን ከለላ አድርጉላቸው።

የበጋውን ወራት ለውሃ ብቻ አታውሉት። ጥቅምት ላይ አዲሶቹ አባላት ከነባሮቹ ጋር ዘር ይልቀሙ፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ነባር ደን በእግር ሂዱና ያበበውንና ያፈራውን ጻፉ። ፍሬ የሚበስልበት ጊዜ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከሁለት ዓመት በኋላ በእጃችሁ የሚኖረው የራሳችሁ የዘር መልቀሚያ ካሌንደር ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ እንደገና ቁጠሩ። ከመቶው ሰባና ከዚያ በላይ ከቆመ በደረቁት ምትክ ማሟያ ትከሉ፣ አዲስ ቦታም ልትጨምሩ ትችላላችሁ። ከግማሽ በታች ከሆነ አዲስ ቦታ አትክፈቱ፤ የዚያን ዓመት ችግኝ በሙሉ ለዚያው መሬት አውሉት። አንድ ዝርያ በሙሉ ከደረቀ ያንኑ አትድገሙ፤ በዚያው ጉድጓድ የጸደቀውን ወይም አንድ ቁጥቋጦ ትከሉ፤ ጽዱን ከሦስት ዓመት በኋላ በጥላው ሥር ትመልሱታላችሁ። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በጸሐፊው ቤት፣ ሌላው በዕድሩ ሳጥን ይቀመጥ።